የእትዬ በለጡ ምሳ ዕቃ

«ይቅመሱ፣ እማማ» አለ ጠባቂው የምሳ ዕቃውን ክዳን እየከፈተ።

እማማ በለጡ እጃቸውን ወደ ምግቡ ዘርግተው መልሰው ሰበሰቡት። ምግብ የሚያስገባ ሰው በጠባቂው ፊት ሳይቀምስ በማረሚያ ቤቱ በር አያልፍም፤ ይህንን ሃያ ዓመት ያውቁታል። ዛሬ ግን ፍልሰታ ነው። እህል ሳይቀምሱ ቆይተው ቀትር ላይ ሊቆርቡ አስበው ነበር።

ከኋላቸው የቆመችው ሥርጉት ብቻ ነበረች። የእማማ በለጡ ልጅ ኒቆዲሞስ ወንድሟን ሽመልስን በከተማው ሸዋ በር ላይ አድብቶ ከገደለው ጀምሮ በሁለቱ ቤት መካከል ደም አለ። ከአንድ ማዕድ አይቆርሱም፣ ሰላም አይባባሉም። ሥርጉት ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ሸጣ ማታ ስትገባ እንዴት ዋልሽ የሚላት የለም።

ትናንት ሽማግሌው አቶ ኃይለመስቀል የእርቅ ወረቀት ይዘው ሥርጉት ቤት መጥተው ነበር። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ሰው ሃያ ዓመት ሲሞላው አመክሮ መጠየቅ እንደሚችል፣ ጠባዩ እንደሚታይ፣ የሟች ቤተሰብ እርቅም እንደሚጠየቅ አስረዷት። ኒቆዲሞስ መቼ እንደሚወጣ ጠየቀቻቸው። ቀን አልተቆረጠለትም አሏት፤ ኮሚቴው አይቶ ያቀርባል፣ ፍርድ ቤት ይወስናል፣ ከወጣም በኋላ ለዓመታት ክትትል አለበት።

«ወጥቶ ቢያጠፋስ?»

«ይመለሳላ፣ ልጄ።»

«ሽመልስስ?»

አቶ ኃይለመስቀል ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩ። ወረቀቱን ትተውላት ሄዱ። የኒቆዲሞስን ፊት ሳላይ አልፈርምም ብላ ነው ዛሬ የመጣችው፤ ወረቀቱም እንደታጠፈ ቦርሳዋ ውስጥ ነው።

ጠባቂው ሊቆርቡ አስበው እንደነበር ሲነግሩት አዘነላቸው። ሌላ ሰው ቢቀምስላቸውም ደንቡ እንደማይከለክል ነግሯቸው ወደ ሥርጉት ተመለከተ። እማማ በለጡ ግን ዞር አላሉም።

«ተወው ልጄ። ሃያ ፍልሰታ እንዲሁ አልፎኛል።»

«የንስሐ አባትዎ አይቆጡም?»

«በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። ‹ልጅሽን አብልተሽ ነይ› ይሉኛል። እሱም ይበላል፣ እኔም ቀምሼ ከቁርባን እቀራለሁ። ለከርሞ ካደረሰኝ እሞክራለሁ።»

ሥርጉት እኚህ ሴት በየቀኑ ልጃቸውን አይተው ይገባሉ እያለች ስትቀና ነበር የኖረችው። በዚህ በር ላይ ምን ትተው እንደሚገቡ ግን አስባው አታውቅም።

እማማ በለጡ ከእንጀራው ቆርሰው ምስሩ ውስጥ ነክረው ወደ አፋቸው አስጠጉ። ሥርጉት እጃቸውን ያዘች።

«እትዬ በለጡ፣ ይተዉት።»

ድሮ፣ ሽመልስ በሕይወት ሳለ፣ የምትጠራቸው እንዲህ ነበር። ቁራሹን ከጣታቸው ወስዳ ጎረሰች። አላመጠች፣ አላመጠችና ዋጠችው።

«ጨው በዝቶበታል» አለች።

ሥርጉት ክዳኑን ገጥማ የምሳ ዕቃውን ከእጃቸው ተቀበለች።

«ይሂዱ፣ ቅዳሴው እንዳያመልጥዎ። እኔ አደርስለታለሁ።»