የእትዬ የወርቅውሃ ትረስት

«ደንበኛችሁ ‹ሦስት ልጆች አሉኝ› አለቻችሁ እንበል። መጀመሪያ የምትጠይቋት ምንድን ነው?»

አስተማሪዋ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አውጥታ የተሰበሰቡትን ጠበቆች ቃኘች። እድላዊት ብዕሯን እንደያዘች ቀረች። እሷ ብትሆን መጀመሪያ «ደኅና ናቸው?» ብላ ነበር የምትጠይቀው፤ ቀጥላም «ያሳድግልሽ» ትላለች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚጠየቅ አልመጣላትም።

ቅዳሜ ነው፣ እ.ኤ.አ. 1995። ሳን ሆዜ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ስለ ትረስትና ስለ ውርስ ዕቅድ ቀኑን ሙሉ ትምህርት ይሰጣል። የካሊፎርኒያ ጠበቃ ፈቃዱን ለማቆየት በየሦስት ዓመቱ የተወሰነ ሰዓት መማር አለበት። እድላዊትም የመጣችው ሰዓቷን ልትሞላ ብቻ ነበር። ኦክላንድ፣ ቴሌግራፍ አቬኑ ላይ ወዳለችው ቢሮዋ የሚመጣው ሥራ አብዛኛው የኢሚግሬሽን ነው። ይሁንና ያገሯ ሰዎች ቤት መግዛት ጀምረዋል፤ ቤት የገዛውም ቤቱ ያለ ፍርድ ቤት ጣጣ ለልጆቹ እንዲያልፍ ትረስት የሚባለውን የአደራ ሰነድ ጻፊልኝ ይላታል።

«የማን ልጆች እንደሆኑ እጠይቃለሁ» አለ ከጎኗ የተቀመጠው፣ እዚያው ካሊፎርኒያ ካለችው ዳብሊን የመጣ ጠበቃ። «የወለደቻቸው ናቸው? በጉዲፈቻ የወሰደቻቸው? ወይስ የባሏ?»

«ትክክል» አለች አስተማሪዋ። «ሰነዱ ላይ ‹ልጆቼ› ብላችሁ ከተዋችሁት ፍርድ ቤት የሚቆጥረው የተወለደውንና በሕግ የተወሰደውን ነው። እንዲያው ያሳደገችው ልጅ ካለ ደጅ ሊቀር ይችላል።»

እድላዊት እግሯ ሥር ያለውን ቦርሳ አየችው። ወይዘሮ የወርቅውሃ ሰኞ የሚፈርሙት ትረስት እዚያ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ለሐሞት ጠጠር ኦፕሬሽን ሆስፒታል ይገባሉ። «ቤቴ ለልጆቼ እኩል ይከፋፈል» ይላል ሰነዱ። ልጆቹ አምሐ፣ ሩቲና ባስልኤል ናቸው።

አምሐን አልወለዱትም። በሱዳን በኩል ሲሰደዱ አብራቸው ትጓዝ የነበረች ሴት መንገድ ላይ ሞታ፣ አራስ ልጇን አዝለው ነው ገዳሪፍ የገቡት። ከዚያ በኋላ አግብተው ሁለቱን ወለዱ፤ ባላቸው አሁን በሕይወት የሉም። በዚያው መንገድ የመጣ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ የሚያነሣው ግን የለም፤ ለአምሐም እስካሁን የነገረው የለም። እሳቸው ቤት ገብቶ የበላ ሰው «የወለዱት የትኛውን ነው?» አይልም። እድላዊትም እንደ ሌላው ሰው ታውቅ ነበር። «ልጆቼ» ብላ ስትጽፍም እጇ አላመነታም።

በዕረፍት ሰዓት አስተማሪዋን ተጠጋቻት።

«መጠየቁ ነውር ከሆነስ?»

«ለማን ነው ነውሩ?»

«ለሁላችንም።»

አስተማሪዋ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው አንቺ ተነወሪ» አለቻት። «ልጁ ቤት ከሚያጣ።»

እድላዊት ሰርተፊኬቷን እንደተቀበለች በቀጥታ ወደ ኦክላንድ ነዳች። ምን ብላ እንደምትጀምር ሃይዌዩን ሙሉ ስታስብ መጥታ አንድም ዓረፍተ ነገር አልተገጣጠመላት።

አምሐ የጋራዡን በር እየጠገነ ነበር።

«እማ፣ ጠበቃሽ መጣች» ብሎ ጮኸ። «ወሬ አታብዢ፣ በደቂቃ ነው የምታስከፍለው።»

«አንተን ደግሞ እጥፍ ነው የማስከፍልህ» አለችው።

ሩቲ በሩን ከፈተችላት። «ኪችን ናት። ዕረፊ ብንላት አትሰማም። ፕሊዝ፣ አንቺ አናግሪያት።»

ወይዘሮ የወርቅውሃ ሆስፒታል የሚቆዩት ዓመት ይመስል ወጥ በየዕቃው እየከፈሉ ፍሪዘር ውስጥ ይደረድራሉ።

«እትዬ፣ ከሰነዱ አንድ ቦታ ላስተካክል ነበር።»

«አስተካክያ። እኔ ምን አውቄ?»

«‹ልጆቼ› የሚለውን ነው።»

የዕቃውን ክዳን እንደያዙ ቆሙ። «እሱ ምን ሆነ?»

«እዚህ አገር ዳኛ ፊት ቢደርስ...»

«ዳኛው ቤቴን ያውቀዋል?»

«አያውቀውም። የፈራሁትም እሱን ነው። ‹ያሳደግሁት› የሚል አንድ መስመር ብንጨምር...»

«ማንን ነው ያሳደግሁት?» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሦስቱንም ነው ያሳደግሁት። ያንን መስመር ከጻፍሽ አልፈርምልሽም። ሳልፈርም ሆስፒታል እገባለሁ፣ የፈለገው ይሁን።»

ከጋራዡ ይሰማ የነበረው የመዶሻ ድምፅ ቆመ። መዶሻው እንደገና እስኪጀምር ድረስ ወይዘሮ የወርቅውሃ ጆሯቸውን ወደ ጋራዡ ጥለው ቆዩ።

እድላዊት ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሳይፈርሙ አንድ ነገር ቢሆኑ አምሐ በሕጉ ምንም የለውም። መስመሩ ከተጻፈ ደግሞ ቤቱን ያገኛል፤ እናቱ እስከ ዛሬ ደብቀው የጠበቁለትን፣ ከሁለቱ ሳይለይ ልጅ መሆኑን ግን ያጣል። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ ቀላል መስሎ ነበር።

«‹ልጆቼ› የሚለውን ጭራሽ ላውጣው?» አለች በመጨረሻ። «ስማቸውን ብቻ ልጻፍ። ለእከሌ፣ ለእከሊት፣ ለእከሌ፣ እኩል በእኩል። ስሙ ከተጻፈ ማን ወለደው የሚል አይነሣም።»

«ሌላ አትጨምሪበትም?»

«ምንም።»

ወይዘሮ የወርቅውሃ ክዳኑን ጫን አድርገው ገጠሙት። «እንደሱ ጻፊው።»

«ማንን ላስቀድም?»

«አምሐን ነዋ። ታላቁ እሱ አይደል?» አንዱን ዕቃ ከፍሪዘር መልሰው አወጡና ፊቷ አኖሩት። «ይህን ይዘሽ ሂጂ። ሰው ስትመረምሪ እየዋልሽ ከስተሻል።»

ሰኞ ጠዋት አምሐ እናቱን ይዞ ቢሮ መጣ። እሳቸው ባይችሉ ትረስቱን የሚያስተዳድረው እሱ ስለሆነ ገጾቹን አንድ በአንድ አነበበ። ስሞቹ ያሉበት ጋ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈ።

«መጀመሪያ እኔ ነኝ።»

«ታላቅ ነህ ተባልኩ» አለች እድላዊት።

«ሰው ሁሉ እንደዚህ በስም ነው የሚያጽፈው?»

«ሁሉም አይደለም።»

ቀና ብሎ አያት። ሌላ ነገር የሚናገር መስሏት ጠበቀች።

«አንብበህ ጨርስልን እንጂ» አሉ ወይዘሮ የወርቅውሃ። «የፓርኪንጉ ሚተር ሊያልቅ ነው።»

ፈረሙ። ኦፕሬሽኑም በሰላም አለቀ፤ ሐሙስ ቤታቸው ገብተው ሩቲን ስለ ሾርባው ጨው ሲቆጧት እድላዊት በስልክ ሰማች። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች። ከሥራ ከመውጣቷ በፊት ግን የአምሐን አተያየት አስታውሳ ደወለችለት። መልእክት መቀበያው አነሣ።

«አምሐ፣ እድላዊት ነኝ። እናትህ እንኳን በሰላም ገቡ። ስለ ትረስቱ መጠየቅ የምትፈልገው ነገር ካለ፣ ምንም ይሁን፣ ደውልልኝ።»

ስልኩን ስትዘጋ ቢደውል ምን እንደምትመልስለት አታውቅም ነበር። ሳምንት ጠበቀች፣ ከዚያም ወር። አምሐ አልደወለም። እሷም ሁለተኛ አልደወለችለትም።