መደገፊያ ያለው ወንበር

እኛ ዘንድ "አርግዣለሁ" ብላ የተናገረች ሴት የለችም። ሃያ ሴት ከጠዋት እስከ ማታ ቱታ በምትሰፋበት ቤት የማን ወገብ ስንት እንደሆነ ከባለቤቷ በፊት ጎረቤቷ ታውቀዋለች። ነገሩ የሚታወጀው በወንበር ነው። አንዷ ስታረግዝ አለቃችን ምንም ሳትናገር መቀሷንና ክሯን አንስታ መስኮቱ ሥር ወዳለው የስፌት መኪና ትወስድላታለች። እዚያ መደገፊያ ያለው ወንበር አለ፤ ሌሎቻችን በርጩማ ላይ ነን። ወንበሩ ላይ የተቀመጠች ሴት የጨርቅ ጥቅል አትሸከምም፣ ኪስና ኮሌታ ብቻ ትሰፋለች፣ ሽንት ቤት ብትመላለስም ማንም አይገላምጣትም። ወንበሩ አንድ ነው። ሁለት ሴት አንድ ላይ አታርግዝ የሚል ሕግ የለንም፣ ተከባብረን ነው የምንኖረው።

አለቃችንን በሌለችበት "ሜትር" እንላታለን። ቀጥ ያለች፣ ደረቅ፣ ሳቅ የማያውቃት ሴትዮ ናት። ፊቷ ላይ ግን "እትዬ" ነው፣ ማን ደፍሮ!

እኔ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ካገባሁ ብዙ ዓመቴ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ "ከመንገድ ስለማይመለስ ነው" አሉ። መኪናው ተበላሽቶ ቤት ሲውል ደግሞ "ቤት ስለሚውል ነው" አሉ። ተመረመረ። ደህና ነህ ተባለና ሳምንቱን ሙሉ ደረቱን ነፍቶ ከረመ። ስለዚህ ተራው የኔ ሆነ።

እኔ ደግሞ የወር አበባዬ በመጣ ቁጥር ድርብ ጨርቅ አድርጌ፣ ጥቁር ቀሚስ ለብሼ፣ ሕመሙን ጥርሴን ነክሼ እሰፋ ነበር። ሴት ሁሉ እንዲህ ይመስለኝ ነበር። ማን ጠይቆ ማን ይነግራል?

የማህፀን ሐኪሟ ሆዴ ላይ ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ በአልትራሳውንድ አየችና "እጢ ነው" አለች። "አትደንግጪ፣ ካንሰር አይደለም። ብዙ ሴት አለባት። ትልቁ ብርቱካን ያክላል።"

ሐኪሞች ለምን በፍራፍሬ እንደሚለኩ አይገባኝም። ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደሽ "ወገቤ ሐብሐብ ያክላል" ብትይ ማን ይሰፋልሻል?

"በሴንቲ ንገሪኝ" አልኳት።

ነገረችኝ። ብርቱካኑ ይሻል ነበር።

"ልጅ የከለከለሽ እሱ ሳይሆን አይቀርም" አለች። "አሁን ካወጣነው ማህፀንሽ የመትረፍ ዕድሉ ጥሩ ነው። እያደገ ከሄደና ደም ካፈሰሰሽ ግን ማህፀኑንም ማውጣት ሊመጣ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል፣ እህቴ።"

"ከባለቤቴ ልማከር" ብዬ ወጣሁ። ከማንም አልተማከርኩም። ከሷ ንግግር ሁሉ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው፦ ተኝቼ ስነሳ ማህፀን የሌለኝ ሴት ልሆን እችላለሁ። እስካልተነካ ድረስ አለኝ ማለት ነው ብዬ ዝም አልኩ።

እጢው ግን ዝም አላለም። ጊዜው ገፋ፣ ሆዴም ገፋ። ቀሚሴ አልቆለፍ ሲለኝ በምሳ ሰዓት ወገቡን ተርትሬ አሰፋሁት። ስህተቴ ይኸው ነው። ልብስ ሰፊ መሃል ተቀምጦ የገዛ ቀሚስን ወገብ መተርተር አደባባይ ወጥቶ ከመለፈፍ አይተናነስም። በማግስቱ ስገባ መቀሴ በቦታው የለም። ዞር ስል መስኮቱ ሥር ነው፣ ክሬም አጠገቡ ተደርድሯል። ሃያዋም አንገቷን ደፍታ ትሰፋለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ማርገዜን መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ።

"ኧረ ተሳስታችኋል" ልል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተቀመጥኩ። ወንበሩ ይመቻል። እውነቴን ነው፣ በጣም ይመቻል። ዓይኔን በጨው አጥቤ ኪስ እሰፋ ጀመር። አንዷ ብርቱካን ልጣ አመጣችልኝ። መጠኑን አየሁትና አልፈልግም አልኳት። "አስጠልቷታል!" ተባባሉ፣ ደስታቸው ባሰ።

እንዲህ እያለ ከረመ። የሐኪሟ ነገር በየቀኑ ይመጣብኛል፤ በየቀኑ "ዛሬን ልቀመጥ" እላለሁ።

ከሁላችንም ኋላ የተቀጠረች አንዲት ረጅም ልጅ አለች፣ ቀጭኔ እንላታለን። አንድ ቀን የካኪ ጥቅል ትከሻዋ ላይ አድርጋ በፊቴ ስታልፍ ሽርጧን አየሁት። ወገቧ ላይ የነበረው ማሰሪያ ከጡቷ ሥር ወጥቷል። ጥቅሉን አውርዳ ጀርባዋን በሁለት እጇ ያዘች።

"ነይ እስቲ" አልኳት። "ስንት ወርሽ ነው?"

"የምኑ?"

"አንቺ ልጅ!"

"ኧረ ቀስ በይ፣ እህትዬ" አለች በሹክሹክታ። "አራተኛ ወሬን ይዣለሁ። ለማንም እንዳትናገሪ። አንቺ ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቀሽ ገና አሁን መቀመጥሽ ነው። እኔ ልጅ ነኝ፣ እችለዋለሁ።"

እችለዋለሁ አለች፣ ካኪውን! አንጀቴን በላችው። ንዴቴም መጣ፤ በሷም፣ በራሴም፣ በዚያ በብርቱካኑም። ተነሳሁ።

"ተቀመጪ።"

"እምቢ።"

"ተቀመጪ ብያለሁ!"

መኪናው ሁሉ ቆመ።

"እኔ አላረገዝኩም" አልኩ ጮክ ብዬ። "እጢ ነው። መውጣት አለበት፣ ማህፀኔን ይዞብኝ ይሄዳል ብዬ ፈርቼ ነው እዚህ የተጎለትኩት። ያረገዘችው እሷ ናት።"

ከንፈራቸውን መጠጡ። "ውይ፣ እኔን!" አለች አንዷ። ከጥግ በኩል ደግሞ "ብርቱካኑን እምቢ ያልሽው ለዚህ ነው እንዴ?" የሚል ድምፅ መጣ። ማንም አልሳቀም፣ እኔ ግን ሳቄ አመለጠኝ፤ ሳላበቃው ልቅሶ ሆነብኝ።

ሜትር ክንዴን ይዛ መተኮሻ ክፍል አስገባችኝና በሩን ዘጋች። ልታባርረኝ ነው አልኩ።

"ሐኪም ምን አለሽ?"

"ቶሎ ከመጣሽ ማህፀንሽ ይተርፋል አለችኝ።"

"መቼ?"

"ቆይቷል።"

ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ "እኔም ነበረብኝ" አለች። "ባሌ ይተወኛል ብዬ ደበቅሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉኝ። ደም አፍስሶኝ ራሴን ስቼ ነው ተሸክመው የወሰዱኝ። ስነቃ የለም።"

ልጆች ያሏት ይመስለኝ ነበር። ማን ጠይቋት ያውቃል?

"ባለቤትዎስ?" አልኩ።

"የት ይሄዳል! እስኪሞት አብሮኝ ኖረ። ከማን ነበር የደበቅሁት?" ፊቷን አዞረች። "ነገ ቀጠሮ ትይዣለሽ። እኔም እመጣለሁ።"

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። "እንግዲህ" አለ። ሲጨንቀው ሌላ ቃል የለውም። ቆይቶ "አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልኝ" አለ፤ ከሱ አፍ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ከኦፕራሲዮን ስነቃ አፌ ደርቋል። ሐኪሟ ጎንበስ ብላ "ወጥቷል" አለችኝ። "ደምሽ አስቸግሮን ነበር፣ ግን ማህፀንሽ አለ። እስኪድን ትታገሳላችሁ፣ ከዚያ ትሞክራላችሁ። ልጅ ይይዛል ብዬ ቃል አልገባልሽም።"

"ቃል አልጠየቅኩሽም" አልኳት። ባለቤቴ "እንግዲህ" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና አፍንጫውን ጠረገ።

ከሰዓት ሜትር ገባች። ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደሩ ላይ ቆማ እንደዋለች ባለቤቴ ነግሮኛል። እንዴት ነሽ አላለችም። አልጋው ራስጌ ቆማ ቁልቁል አየችኝ።

"አለ?" አለች።

"አለ፣ እትዬ።"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ያቺ ደረቅ ሴትዮ ትከሻዋ እየተርገፈገፈ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አይዞዎት ብላት ባሰባት። ነርሷ ሰምታ እየሮጠች መጣች።

"ምነው እናቴ? ልጅዎ እኮ ደህና ናት!" አለቻት።

ሜትር አላረመቻትም። እኔም አላረምኳት።