የታሸገው ሚኒባስ

ታናሽ ወንድሟ የመኪና ወንበር ልብስ በመስፋት ይተዳደራል። ከልጅነቱ ጀምሮ ምቾት ስለሚወድ ቤተሰቡም ሰፈሩም «ድሎት» ይለዋል። አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቶ ስድስት ወር ሲጠበብበት ከረመ፤ የኋላ ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ ዘረጋበት፣ ግድግዳውን በስፖንጅ ለበጠው፣ የበሩንና የመስኮቱን ጠርዝ በጎማ አሸገው። «ነፋስ ቀርቶ ወሬ አይገባበትም» እያለ ይኩራራ ነበር።

እሷ ቀያሽ ናት፤ ሃያ ዓመት ዱር ለዱር መሬት ስትለካ፣ ድንኳን ውስጥ ስታድር የኖረች። ሐይቅ ዳር አብረው ሊያድሩ የሄዱ ዕለት ድንኳኗን ከሚኒባሱ ራቅ አድርጋ ተከለች።

«እትዬ፣ ግቢ እንጂ! አልጋው ለሁለት ይበቃል። የጋዝ ማሞቂያም አለኝ፤ ጭስ የለው፣ ሽታ የለው።»

«ሳሎንህን ተሸክመህ መጥተህ ዱር አደርኩ ልትል ነው? ዱር ያደረ ሰው ጤዛ ይነካዋል።»

«ጤዛውን በመስኮት አየዋለሁ!»

ተሳስቀው ተለያዩ።

ሊነጋጋ ሲል ብርዱ አጥንቷ ድረስ ዘለቀ። ጥርሷ ተንገጫገጨ፤ እግሯ የሷ አልመስል አላት። ኩራቷን ዋጥ አድርጋ፣ የሚስቅባትን ሳቅ ከወዲሁ እየሰማች፣ ሄዳ የሚኒባሱን በር አንኳኳች። መልስ የለም። «አንተ ድሎት!» ብላ ደበደበችው። ዝም። ወንድሟ ደግሞ ኮሽ ሲል የሚነቃ ሰው ነበር።

መስኮቱን ከውስጥ ላብ ጋርዶታል። ጠብታ በወረደበት ቀጭን መስመር አጮልቃ ስታይ ማሞቂያው ይነድዳል፤ የወንድሟ ክንድ ከአልጋው ወደ ታች ተንጠልጥሏል።

 ድንጋይ አንስታ መስታወቱን መታችው፤ ድንጋዩ ነጥሮ ተመለሰ። ደገመች። በሦስተኛው ረገፈ። እጇን አስገብታ በሩን ከፈተች፤ ብብቱን ይዛ እየጎተተች ሣር ላይ አወጣችው። አንገቱ እንደ ጨርቅ ይወድቃል።

«ተንፍስ! በእማዬ ሞት፣ ተንፍስ!»

ምን ያህል እንደጮኸች አታውቅም። ድንገት ሲጥ ብሎ አየር ሳበ፤ አስመለሰው። ዓይኑን ገልጦ ትክ ብሎ አያትና «እማዬ የት ሄደች?» አላት። እናታቸው ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ይህ ጥያቄ ከዝምታው ይልቅ አስፈራት።

ማሞቂያውን አጥፍታ፣ በሮቹን ሁሉ ከፋፍታ፣ አየሩ እስኪለወጥ ስሙን ስትጠራ ቆየች። ከዚያ ጎኗ አስቀምጣው በተሰበረው መስኮት ነፋስ እየገረፋቸው ወደ ጤና ጣቢያ ነዳች። ስትጠራው መልስ ባዘገየ ቁጥር ነዳጁን ትረግጣለች።

ነርሷ ኦክስጅን አደረገችለት። «ሽታ የሌለው ነው ሰው የሚገድለው» አለቻቸው።

ከሰዓት በኋላ አእምሮው ሲመለስለት ፈገግ አለ። «ልብሽ ነግሮሽ ነው የመጣሽው አይደል፣ እትዬ?»

አዎ ልትል ነበር፤ አልቻለችም።

«ብርድ አሸንፎኝ ነው። አልጋህ ላይ ልተኛ ነው የመጣሁት።»

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። እጇን ያዘ። ነርሷ መጥታ እስክታላቅቃቸው ድረስ አለቀቃትም።