ልጄ፣ ምራቴና የሚቋረጠው መስመር

ምራቴ እኛ ቤት ከገባች ወዲህ ልጄ ወሬው ሁሉ ከእሷ ጋር ነው። ሁለቱም ሥራቸው ኮምፒውተር ላይ ነው። ድሮ ሥራው ሲከፋበት እኔ አጠገብ መጥቶ ነበር የሆዱን የሚዘረግፈው። አሁን የእኔ ድርሻ ሰሃን ማንሳት ሆኗል።

ሰሞኑን አንድ ነገር እንቅልፍ ነስቶታል። የመሥሪያ ቤቱ ሱቆች ሽያጭ መጀመሪያ አንድ ትልቅ ማሽን ላይ ይገባል፤ እዚያ የተቀየረውን እየለቀመ ወደ ሁለተኛው ማሽን የሚያሳልፍ ፕሮግራም አለ። እሱ ነው ድንገት እየተቋረጠ ያስቸገረው። አለቃው፣ "ዛሬ ካልተስተካከለ ሥራውን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ" ብሎታል።

ስክሪኑ ላይ ፕሮግራሙ ሲቋረጥ የምትቀላ መብራት አለች፤ እሷ ቀላች። ልጄ እጁን ሰደደ።

"እንዳታስነሳው!" አለች ምራቴ። "በሞተ ቁጥር ቶሎ ታስነሳዋለህ፤ ምን እንደገደለው መቼ እንወቅ?"

"ከመሥሪያ ቤት ይጮሁብኛላ!"

"አስነሳው ልጄ" አልኩ እኔ። ነገሩ ገብቶኝ አይደለም፤ እሷ አታስነሳ ስላለች ነው።

"እማዬ፣ ቆይ እስቲ።"

ለእኔ ቆይ፤ ለእሷ ወንበሩን ለቀቀላት። 

ጥቂት አነበበችና፣ "አየህ? የሚቋረጠው ሱቆቹ ለምሳ ሲዘጉ ነው" አለች። "ሽያጭ ከሌለ የሚያሳልፈው ነገር የለም። መሃል ላይ ያለው የኔትወርክ ጥበቃ ደግሞ መስመሩ ዝም ሲል ሰው የለም ብሎ ይቆርጠዋል።"

"እኔ ታዲያ ኬብል ስቀይር የከረምኩት?"

"ኬብል ሻጩን አበለጸግከዋ!"

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ፕሮግራሙ ሽያጭ ባይኖርም በየደቂቃው "አለሁ" የሚል አጭር መልእክት እንዲልክ አደረገችና አስነሳችው፤ መብራቷም አረንጓዴ ሆነች። "ሱቆቹ ከምሳ ገና አልተከፈቱም፤ አሁኑኑ ይለይለታል። እማማ፣ እኛ ምሳ እስክናቀርብ መብራቷን ያዩልናል?"

ተቀመጥኩ። ማድ ቤት ውስጥ ይንሾካሾካሉ፣ ይሳሳቃሉ። ቀይ ሁኚ አልኳት በልቤ። ብትቀላና እየሮጠ ቢመጣ፣ "ይኸውልህ የሚስትህ ብልሃት!" ልለው። ወዲያው ደግሞ ሥራውን ሊነጥቁት ነው ብዬ ደነገጥኩ። መብራቷ እንደሆነች አረንጓዴ እንዳለች ናት።

"እማዬ፣ እንዴት ናት?" አለ ከወዲያ።

"አረንጓዴ ናት፤ ና እያት!"

የመጣችው እሷ ናት። "ይሂዱና ይብሉ እማማ፣ እኔ ልተካዎት።"

"ከዚህ ወንበር ንቅንቅ አልልም። አንቺ ሠራሽው፤ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ይልቅ ባልሽን ጥሪልኝ፣ ምሳዬን እሱ ያምጣልኝ።"

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ጠራችው።