አባቴ ሕይወቴን ከጭራው ያነበቡ ዕለት

ሰው ፊት ማውራት ላይ ዜሮ ነኝ። ስለዚህ ለአባቴ «ትራክተር አልነዳም፣ ጎንደር ሄጄ ሥዕል ልማር» ማለት ሲያቅተኝ፣ ኮኪት ያለው የረፊቃ ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ ሣልኩት።

ግድግዳውን ሣጥን በሣጥን ከፋፍዬ ሕይወቴን ከግራ ወደ ቀኝ ደረደርኳት። መጀመሪያ ንፍጤ የተንጠለጠለ ሕፃን ሆኜ ትራክተር ላይ፣ አባቴ ጭን። ቀጥሎ ሰሊጥ ማሳ ውስጥ ሳዛጋ። ከዚያ ጎማ ፍታ ተብዬ ጎማው ላይ አህያ ስሥል። እኔ ሳድግ ትራክተሩ ከነአባቴ እያነሰ ይሄድና፣ መጨረሻው ሣጥን ላይ እኔ ብቻ፣ ግዙፍ፣ ብሩሽ ይዤ። ይሄ ለዶሮም ይገባታል።

አባቴ አብዱረሕማን ግን የተማሩት ቁርአን ቤት ነው። ማንበብ ለሳቸው ከቀኝ ነው የሚጀምረው።

መጡና ቀኝ ጥግ ቆሙ። ግዙፉን እኔን አይተው «ይሄ ትዕቢተኛ ማነው?» አሉ። ወደ ግራ ተራመዱ። ትራክተሩ አደገ፣ እኔ አነስኩ፣ በመጨረሻ ጭናቸው ላይ ዱብ። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«ማሻአላህ! ሲቀብጥ ሲቀብጥ ኖሮ ወደ ትራክተሩ ተመለሰ! ረፊቃ፣ ለሁሉም ሻይ ቅጂ! ልጄ ነገ መሪ ይጨብጣል!»

ሻይ ሊጠጡ የተቀመጡት የቀን ሠራተኞች አጨበጨቡ። አንዱ ጎጃሜ «እንኳን ደስ ያለህ ሹፌር!» ብሎ ትከሻዬን ደቃኝ።

ረፊቃ በጆሮዬ «አንተ ጅል፣ ዛሬ ዝም ካልክ እስክትሸብት ታርሳለህ» አለችኝ።

ወደ አባቴ ዞርኩ። «አባ... የጀመሩት ከመጨረሻው ነው። መጀመሪያው በዚህ በኩል ነው።»

እጃቸውን ይዤ ግራ ጥግ አቆምኳቸው። እንደገና ተራመዱ፣ አሁን ቀስ እያሉ። መጨረሻው ሣጥን ጋ ደርሰው ቆዩ።

«ትራክተሩን ታዲያ ለማን ልስጥ? ለረፊቃ?»

«ምን ይጎድለኛል?» አለች ረፊቃ።

ሁሉም ሳቀ፣ እሳቸው ግን አልሳቁም። ጣታቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ።

«እኔስ? እዚህ ጋ የት ሄድኩ?»

ትራክተሩን ሳጠፋ እሳቸውንም አብሬ ጠርጌያቸዋለሁ። ልብ ያልኩት ገና እዚያ ቆሜ ነው።

«ቦታ አለ፣ አባ።»

«እንግዲያ ሣለኛ! ጎንደር ድረስ ማን ሊሸኝህ ነው?»

ብሩሹን አነሳሁ። እሳቸው ለመታወቂያ ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ደረታቸውን ነፍተው ቆሙ።

«ጥርሴን አሟላው» አሉ።