የስለቱ በግ እግር

እናትነሽ ሁለት ልጅ ቀብራለች። የመጀመሪያው ክርስትና ሳይነሳ በምች ሄደ። ሁለተኛይቱን አንዲት የቡሬ ገበያተኛ «እንዴት ያለች ወፍራም!» ብላት ባለፈች በሳምንቱ አፈር አለበሷት። እውነት ምች ይሁን ዓይን የመረመረ ሰው የለም፤ እሷ ግን ቆርጣለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ሦስተኛዋን ስትወልድ ዘርትሁን ብላ ሰየመቻትና ጓዳ አስገባቻት። ፀሐይም እንዳያገኛት፣ ሰውም እንዳያያት። ልጅ አለሽ ወይ ለሚላት ሁሉ «የለኝም» ነው መልሷ። ልጅ የሞተባት እናት እንዲህ ብትል በአገሩ ነውር የለውም፤ ጎረቤቱ እያወቀ ዝም ይላታል።

ዘርትሁን ሁለት ዓመት ሞላትና አልቆመችም። ራሷ ላብ አይለየውም፤ እግሯን ሲነኳት ትጮኻለች። እናትነሽ ተሳለች፤ «ልጄ በእግሯ ትሂድልኝ እንጂ፣ ነውር የሌለበት በግ ይዤ ግሽ ዓባይ አቡነ ዘርዐ ብሩክ ድረስ እመጣለሁ» አለች።

በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ሰኔ ላይ ያለቻት አንዲት በግ ነጭ ወንድ ወለደች። የስለቱ ነው ብላ እሱንም ጓዳ ከተተችው። እናቱን ለመጥባት ማታ ማታ ብቻ ነው የሚያገኛት። ያቺ ጠባብ ጓዳ እንግዲህ ሁለት ጨቅላ ያዘች። ነሐሴ ሲገባ የበጉ ጉልበት አበጠ፤ የፊት እግሮቹም ጎበጡ። አንካሳ በግ ለስለት አይሆንም። እናትነሽ ስለቴ አልተወደደልኝም ብላ ደነገጠች፤ በጉን በነጠላዋ ሸፍና ቡሬ ወረደች።

በዚያ ሰሞን ተስፋው የሚባል የከብት ሐኪም ከፍኖተ ሰላም መጥቶ ከብት ይከትብ ነበር። የበጉን ጉልበት ዳሰሰው።

«የት ነው የሚውለው፣ እቴ?»

«ጓዳ ነው ጌታዬ። ዓይን ፈርቼ።»

«ታዲያ ዓይን ምን በወጣው! ጨለማው ነው የጎዳው። አጥንት ያለ ፀሐይ አይጸናም።» ከሻንጣው ጠርሙስ አወጣ። «ይህ ቪታሚን አለበት፤ ከዓሣ ጉበት የወጣ ዘይት ነው። በየቀኑ በትንሽ ማንኪያ አጠጪው። ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥርም አውጪው።»

«ኧረ ጌታዬ፣ ፍልሰታ አይደለም እንዴ? ዓሣ!»

«በግ መቼ ጾሞ ያውቃል?» ብሎ ሳቀባት።

አጠጣችው፤ አወጣችውም። ሰው እንዳያይባት በየአጥሩ ሥር እየተሳቀቀች፣ ክረምቱ ፀሐይ በሰጠ ቁጥር አወጣችው። በመስቀል እብጠቱ ጎደለ። በጥቅምት ግን እግሩ ቀጥ ብሎ፣ አደይ አበባውን እየረገጠ ሲፈነጭ ያየ ሁሉ «የማነው?» አለ።

ጥቅምት ሳያልቅ ተስፋው በበቅሎ ሲያልፍ በጉን አየና ደስ ብሎት ወረደ። ደጃፏ ላይ እንደቆመ ከጓዳ የልጅ ልቅሶ ሰማ።

«ልጅ አለሽ እንዴ?»

ሁለት ገበያተኞች አጥሩ ሥር ሸክማቸውን አውርደው ያርፉ ነበር። እናትነሽ አየቻቸው።

«የለኝም» አለች። «የእንግዳ ልጅ ናት።»

ሐኪሙ ያንኑ የዓሣ ዘይት ጠርሙስ ከሻንጣው አውጥቶ ነቀነቀው። «አይ፣ ለሕፃንም ይሆናል ብዬ ነው። ፍኖተ ሰላም የመምህራኑ ልጆች ይጠጡታል። ለእንግዳዋ ንገሪያት፣ ልጇን ፀሐይ ታሙቃት» አለና ጠርሙሱን ሻንጣው ውስጥ መልሶ በቅሎው ላይ ወጣ።

እናትነሽ ልትጠራው አፏን ከፍታ ነበር። አልጠራችውም። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን አለችኝ ብትል እነዚያ ሴቶች ይሰማሉ። ነገ ቡሬ ወርጄ በስውር እነግረዋለሁ አለች። በነጋታው ግን አጨዳ ተጀመረና ሥራ ያዛት። በሳምንቱ ስትወርድ ሐኪሙ ወደ ሌላ አገር ተዛውሯል አሏት።

ልጅቱን ፀሐይ ለማውጣት ደግሞ አንድ ዓመት ፈራች። አንድ ዓመት ሙሉ! በጉ በደጅ ሲፈነጭ እያየች፣ ልጅቱ በጓዳ ስትድህ እያየች ፈራች። በመጨረሻ ስታወጣት ዘርትሁን በብርሃኑ ዓይኗን ጨፍና ጮኸች። ውሎ አድሮ ቆመች፤ ሄደችም። አጥንቷ ጸና፤ ግን እንደጎበጠ ጸና።

በስልሳ አንድ ጥር ወደ ግሽ ዓባይ ተነሱ። ሙክቱ በቀጥተኛ እግሮቹ ገመዱን እየጎተተ ከፊት ይሄዳል። ዘርትሁን የእናቷን ጀርባ እንቢ ብላ፣ ጉልበቷና ጉልበቷ ሳይገናኝ ግራና ቀኝ እየተወዛወዘች ትከተላለች።

ደጀ ሰላሙ ላይ አንድ አረጋዊ ቄስ ተቀበሏቸው። «ስለትሽ ምን ነበር ልጄ?»

«ልጄ በእግሯ እንድትሄድልኝ፣ አባቴ።»

«ይኸው ሄደችልሽ! ደስ ይበልሽ እንጂ፤ ምን ያስለቅስሻል?»

እናትነሽ ገመዱን በእጃቸው አስያዘች። ዘርትሁን ሙክቱን ጀርባውን እያሻሸች ተሰናበተችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሩን አየች።

«እማ፣ እሱም ጓዳ ነበር ብለሽኝ አልነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ እግሩ ለምን ቀጥ አለ?»

እናትነሽ የልጇን ጉልበት በሁለት እጇ ያዘች።

«እሱን ለሐኪም አሳይቼው ነበር» አለች።