ኤላዲዮ ለልጁ ያልነገራት

«ነገ ልመርጥ ነው፤ መርቀኝ እንጂ አባዬ!» አለች ማቲልዴ፣ ቅርጫቷን ጀልባው ላይ እየጫነች።

እንዲህ ያለ ወሬ ከጓዲያና ወንዝ ወዲህ፣ በስፔን በኩል፣ ጮክ ተብሎ አይወራም። ያውም ድንበር ጠባቂው አስር አለቃ እዚያው ቆሞ የተሳፋሪ መታወቂያ እያየ! ግን ምን ታድርግ፣ ማዶ ያገባች ልጅ ናት። ስፔን ገና በአምባገነኗ ስር ናት፤ ፖርቱጋሎች ግን የራሳቸውን ካባረሩ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ሰዉ እንደ ልቡ ሲያወራ እሷም አፏ ተፈትቷል።

ኤላዲዮ ክው አለ። እሱ ጎረምሳ ሳለ ስፔንም መርጣ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ፌሊሲያኖ የክት ልብሱን ለብሶ፣ የድምፅ መስጫ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ ሲስቅ ዋለ። በዚያው ዓመት የእርስ በርስ ጦርነት ተነሳ፤ ዛሬ አገሩን የሚገዙት ወገኖች በጭነት መኪና መጥተው ከቤት ወሰዱት። አጥንቱ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ አይታወቅም። እናታቸው ፎቶውን አቃጠለች፤ ስሙም በዚያ ቤት ዳግም አልተነሳም። ማቲልዴ አጎት እንደነበራት እንኳ አታውቅም። ትናንት እራት ላይ ሊነግራት ተነስቶ ነበር፤ አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ዝምታ በአንድ ማታ የት ይሰበራል? ሾርባውን ጠጥቶ ተኛ።

«የትም አትሄጂም!» አላት አሁን ክንዷን ይዞ። «እዚሁ ትቀሪያለሽ!»

«ምን ነካህ? ትናንት ምንም አላልክም እኮ።»

«ዛሬ እያልኩሽ ነው!»

«እሺ፣ ምክንያቱን ንገረኝ። አንድ ምክንያት ብቻ። በእናቴ አፈር፣ እውነት ከሆነ እቀራለሁ።»

ትቀር ነበር። እናቷን ጠርታ ዋሽታ አታውቅም። ግን አስር አለቃው መታወቂያ ማየቱን ትቶ ጆሮውን አቁሟል። የተገደለ ሰው ወንድም ነኝ ማለት በዚያ አገር ራስን ማስያዝ ነው። ኤላዲዮ ፈራ። ሲፈራ ደግሞ አስር አለቃው ሊሰማ የሚወደውን ነገር ነው የተናገረው።

«ባልሽ ኮሚኒስት ነው! አገሩም የወሮበላ አገር! ነፃነት ነፃነት እያሉ ነገ ቤተክርስቲያን ያቃጥላሉ! እዚያ ሰልፍ ላይ ከቆምሽ ደጄን እንዳትረግጪ!»

«ደግ አልክ፣ ሽማግሌው!» አለ አስር አለቃው እየሳቀ።

ማቲልዴ አባቷን አየችው። ከዚያ አስር አለቃውን አየችው።

«እኔ ሞኟ፣ ስለኛ ፈርተህ መስሎኝ» አለች። «ለካ ጠልተኸን ነው። በዚያ በጦርነቱ ጊዜ ሰው እየጠቆሙ ካስገደሉት አንዱ አንተ ነበርክ ማለት ነው። ባሌን ዱዋርቴንም ያኔ ብታገኘው አትምረውም ነበር።»

ወይኔ ኤላዲዮ! ወንድሙን ከነጠቁት ጋር ልጁ ቆጠረችው። ክንዷን ለቀቀ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታው ተቀመጠች፣ ጀልባተኛውም ቀዘፈ።

ጀልባው ወንዙን ከገመሰ በኋላ ነው የሽማግሌው ምላስ የተፈታው። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ውሃው ውስጥ ገባ።

«ወንድም ነበረኝ!» ብሎ ጮኸ። «ማቲልዴ! ወንድም ነበረኝ!»

ነፋሱ ወደዚህ ነበር የሚነፍሰው። አልዞረችም።

«ምን እያልካት ነው?» አለ አስር አለቃው፣ ጩኸቱን ብቻ ሰምቶ ከኬላው እየመጣ፣ ፊቱን ኮስተር አድርጎ።

«ደህና ግቢ ነው ያልኳት፣ ጌታዬ» አለ ኤላዲዮ። እሱን እንኳ አላላትም ነበር።